ዜሮ ነጥብ ሠላሳ ሰባት

የጉድጓድ ውሃ ሳልለካ ሦስት ዓመት ሙሉ ቁጥር ከጭንቅላቴ እየፈጠርኩ ጽፌአለሁ ተብሎ ተጻፈብኝ። ሐሰት ነው። የጻፈችው የሀገሬ ልጅ ናት፤ የተማረች፣ አቡዳቢ መሃል መስታወት ብቻ በሆነ ፎቅ ላይ የምትሠራ። አይታኝ አታውቅም ነበር። ስሜንም አልጻፈችም። «አንባቢ ቁጥር 7» ነው ያለችው። ቁጥር 7 እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። ያን ሰሞን የፈራሁትን ያህል ዕድሜዬን ሙሉ ፈርቼ አላውቅም፣ ፍርሃቱም እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አጻጻፌ ሻካራ ቢሆን አንባቢ ይታገሰኝ።

መጀመሪያ ሥራዬን ልናገር። ድርጅታችን ለእርሻና ለተምር ቦታዎች የከርሰ ምድር ውሃ ይከታተላል። ቢሮው አቡዳቢ ነው፣ መጋዘኑና የምንተኛበት ካምፕ ሙሳፋህ፣ ጉድጓዶቹ አል ዓይን። ጉድጓድ ስል ውሃ የሚቀዳበት እንዳይመስላችሁ። ውሃው በየወሩ ምን ያህል እንደወረደ ለማየት ብቻ የተቆፈረ፣ ብረት ክዳን ያለው ቀጭን ቧንቧ ነው። ክዳኑን ትከፍትና ቁጥር የታተመበት ጠፍጣፋ ቢጫ ገመድ ትሰዳለህ። የገመዱ ጫፍ ውሃ ሲነካ ከላይ ያለው መጠቅለያ ይጮኻል። ያን ጊዜ ገመዱ ላይ ስንት ሜትር እንደሚል ታነባለህ፣ ደብተር ላይ ትጽፋለህ፣ ትሄዳለህ። ማንበብ ለሚችል ሰው ቀላል ሥራ ነው።

እኔ አልችልም ነበር።

ስቀጠር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሙሳፋህ መጋዘኑ በር ላይ የቆመው ሰውዬ «ማንበብ መጻፍ ትችላለህ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩ። ሌላ ምን ልል ነው? ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ አዎ ሊል ነው የቆመው። ፎርሙ ላይ ምልክቱን ያደረገልኝ ሰውዬው ነው፣ ከሥር እንደ ትል የተጠማዘዘ ፊርማ ያኖርኩት እኔ ነኝ። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ ፋይሌ ውስጥ አለ።

አሥሩን ቁጥሮች አጠገቤ ከሚተኛ ሰው በአንድ ሳምንት ተማርኩ፤ እንደ ሥዕል እየሳልኩ። ገመዱ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። በቁጥርና በቁጥር መሃል ነጥብ አለ፣ ቀይ አለ፣ ጥቁር አለ፣ ረጅም ጭረት አለ፣ አጭር ጭረት አለ። ዓይኔ ይዞርብኝ ነበር። በአፌ መቁጠር ግን እችላለሁ። ስለዚህ እጄ የሚያውቀውን ሠራሁ። እኛ ሰፈር ገመድ የሚለካው በክንድ ነው፤ ሌላ መለኪያ አላየሁም። መጠቅለያው ሲጮኽ ገመዱን ከቧንቧው አፍ ላይ እቆነጥጠውና ወደ ላይ እየሳብኩ በክንዴ እቆጥራለሁ። ሰማንያ አንድ ክንድ ከሆነ ደብተሩ ላይ 81 እስላለሁ፣ ክዳኑን ዘግቼ ወደሚቀጥለው እነዳለሁ። በረሃ ውስጥ ማን ያየኛል?

በአራተኛው ወር አንድ ሰው አየኝ። ባሽሙሃንዲስ እንለው ነበር፣ ዋና መሐንዲስ ለማለት ነው። ሽማግሌ ሱዳናዊ፣ ከየጉድጓዱ የሚመጣውን ቁጥር ተቀብሎ የሚያሰላውን የኮምፒውተር ፕሮግራም የጻፈው እሱ። አል ቃጣራ ከተምሩ አጥር አጠገብ ያለው ጉድጓድ ላይ ጎንበስ ብዬ ስቆጥር ጥላ ወደቀብኝ። ቀና ስል እሱ ቆሟል።

«ስንት ነው?» አለኝ በዓረብኛ።

«ስልሳ አምስት።»

«ስልሳ አምስት ምን?»

ገመዱን አሳየሁት። ገመዱን ከእጄ ወስዶ ራሱ አነበበው፣ ደብተሬን አየ፣ እኔን አየ። አልጮኸም። አለመጮኹ ይበልጥ አስፈራኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት አብሮኝ ዞረ፤ እያንዳንዱን ጉድጓድ እኔ በክንዴ፣ እሱ በሜትር። ሳምንቱ ሲያልቅ ፒክአፑ ውስጥ እንደተቀመጥን እንዲህ አለኝ፦

«ያ ሐበሺ፣ አንተ ውሸታም ነህ። ክንድህ ግን አንድ ዓይነት ነው፣ ሁሌ ያንኑ ያህል ነው የሚያሳስተው። አሁን ላስተካክል ብለህ ገመዱን በግምት ማንበብ ከጀመርክ ሁሉንም ታበላሽብኛለህ። ማንበብ እስክትማር በክንድህ ቀጥል። እኔ ማሽኑ ውስጥ አስተካክለዋለሁ።»

«ለሙዲሩስ፣ ለኃላፊው፣ ትነግረዋለህ?»

«ብነግረው ያባርርሃል። አንተን ካባረረ በዚህ ፀሐይ የሚዞርልኝ ማን ነው? አልነግረውም። አንተም አትንገር።»

ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው እንዲህ ሆነ። ካምፕ ውስጥ አብሮኝ የሚተኛው የጥበቃ ሠራተኛ በሩ ጀርባ ላይ የፊደል ገበታ ለጥፎልኝ አማርኛ አስተማረኝ። የነጥቧን ነገር፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል ባሽሙሃንዲስ አስተማረኝ፤ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ስንሄድ፣ የሱቅ ማስታወቂያ እያስነበበ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ በሜትር መጻፍ ጀመርኩ። ባንድ ገጽ ላይ 81 የነበረው በሚቀጥለው ገጽ 29.95 ሆነ። እሱ ከዚያ ጡረታ ወጥቶ ካርቱም ገባ። በየበዓሉ እንደዋወል ነበር። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ስልኩ አይነሳም።

አሁን ወደ በደሉ ልመለስ።

ድርጅቱ አሮጌውን ፕሮግራም ወደ አዲስ የኮምፒውተር ቋንቋ እንድታዞር ያቺን የጻፈችብኝን ልጅ ቀጠረ። አዞረችው። ስታዞረው የድሮው የውሃ ቁጥር ሁሉ ተዛባ፤ ጥፋቱ የአንባቢ ቁጥር 7 ነው ብላ ሪፖርት ጻፈች። ሙዲሩ፣ አዲሱ ኃላፊያችን፣ ጠራኝ። ወጣት ነው፤ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ግድግዳው ላይ ካለው ትልቅ ስክሪን ፊት አቆመኝ። ቀይ መስመር ተስሏል፤ ሦስት ዓመት ገደል ገብቶ ይቆይና ድንገት ወደ ላይ ይዘላል።

«ይሄ ጉድጓድ ሃምሳ ሜትር ነው የተቆፈረው» አለኝ። «አንተ ውሃው ሰማንያ አንድ ላይ ነው ብለሃል። ውሃው ከጉድጓዱ ወለል በታች ምን ሊሠራ ወረደ? ቤቱን ለቀቀ?»

ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሳቁ። 

«ቢሮ ተቀምጠህ ነው የጻፍከው፣ ወይስ ካምፕ ተኝተህ?»

«ለክቻለሁ» አልኩ።

«በምን?»

እዚያ ላይ ነው አፌ የተዘጋው። በክንዴ ብል፣ ማንበብ እችላለሁ ብዬ የፈረምኩት ወረቀት ሁለት ክፍል አልፎ ተቀምጧል። ማንም ደግሞ አያምነኝም። ከሃያ ዓመት በኋላ ተይዞ «በክንዴ ነው የለካሁት» የሚል ሰው ከውሸቱ ላይ ሌላ ውሸት እንደጨመረ ነው የሚቆጠረው። የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፣ የእሱም ስልክ አይነሳም። ሙዲሩ አሥር የሥራ ቀን ሰጠኝ። በአሥረኛው ቀን የጽሑፍ መልስ ካላመጣሁ ፋይሉ ሰነድ በማጭበርበር ተብሎ ወደ ሕግ ክፍል ይሄዳል። ያ ማለት ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ይሰረዛል ማለት ነው። ምናልባትም ከዚያ በፊት ፖሊስ። የፒክአፑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። 

ሙሳፋህ መጋዘን ውስጥ የቧንቧ መገጣጠሚያ ለይ ተባልኩ። የመጋዘኑ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሥራዬን አቁሜ ማን እንዳነሳው አያለሁ። ነጭ መኪና በር ላይ ሲቆም መደርደሪያው ጀርባ እገባለሁ፣ ዕቃ የምፈልግ መስዬ። የማላውቀው ሰው ስሜን ሲጠራ ወዲያው አቤት አልልም፤ መጀመሪያ ጫማውን አያለሁ። ፖሊስ ከሆነ ጫማው ይለያል ብዬ። በምሳ ሰዓት ካርቱም እደውላለሁ፣ ከስልኩ ውስጥ የተቀዳች የሴት ድምፅ ስልኩ ዝግ ነው ትለኛለች። አንድ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። ብቻዬን እንደሆንኩ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

በአራተኛው ቀን በአውቶቡስ አቡዳቢ፣ ልጅቷ የምትሠራበት ቢሮ ሄድኩ። እንግዳ መቀበያው ላይ ስሜን ሲጠይቁኝ ተናገርኩ፣ ወደ ላይ ደወሉ፣ ማን እንደሆንኩ አላወቀችም፤ የድርጅቱ መታወቂያ ስላለኝ ግን አሳለፉኝ። ጠረጴዛዋ ድረስ ሄጄ ቆምኩ።

«ጤና ይስጥልኝ። ማንን ፈልገው ነው?» አለች በአማርኛ፤ መልኬን ስታይ የሀገሯ ሰው መሆኔን አወቀች።

«ቁጥር ሰባት ነኝ።»

መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች። ወደ በሩ አየች። «ጋሼ፣ ይቀመጡ እስቲ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ሌባ ነው ብለሽ ጽፈሽ ይቀመጡ ትዪኛለሽ?»

«ሌባ አላልኩም። እኔ ሰው አላነበብኩም ጋሼ፣ ኮድ ነው ያነበብኩት። ቁጥሩ የማይሆን ነበር፣ የማይሆን ነው ብዬ ጻፍኩ። ሶሪ።»

«ሶሪ የሚባለው እግር ሲረግጡ ነው።»

አንገቷን ደፋች። እኔም ተቀመጥኩ፤ ታርቄ ግን አይደለም።

«ሽማግሌው የጻፈውን ፕሮግራም አሳዪኝ» አልኳት።

«ምን ሊያደርግልዎት?»

«እሱ ማሽኑ ውስጥ አስተካክለዋለሁ ብሎኝ ነበር። ያስተካከለውን ልይ።»

«ምኑን ነው ያስተካከለው?»

አልነገርኳትም። ፈራኋት። ጽሑፏ ያመጣብኝን አይቻለሁ፤ አፌ የሚያመጣውን ደግሞ አላወቅኩም። እሷም ብትሆን ዝም ብላ አልፈቀደችም። የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም፤ ሪፖርቱን ለሙዲሩ ከላከች በኋላ ተሳስቻለሁ ብትል ምን እንደምትሆን አታውቅም። ጣቷን እያፍተለተለች ብዙ አሰበች። በመጨረሻ «ከምሳ በኋላ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት» አለች፤ «ማንም ቢጠይቅ ዘመዴ ነዎት።»

ሦስት ቀን ሄድኩ። ለመጋዘኑ ሐኪም ቤት ነው እላለሁ፤ እንዲያው መልኬን አይተው ያምኑኝ ነበር።

ያ ፕሮግራም ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ሙሳፋህ ውስጥ ሃያ ዓመት በየመጣው ሠራተኛ የተጠገነ የቧንቧ መስመር አይታችሁ ከሆነ እሱን ነው። አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው በጎማ ያስራል፣ ሦስተኛው የቱ ውሃ እንዳለው ስለማያውቅ ሁሉንም ትቶ በጎን አዲስ ያወጣል። ፋይሉ ብቻ ዘጠኝ ነበር። አንዱ «የመጨረሻ» ይላል፣ አንዱ «የመጨረሻ ሁለት»፣ አንዱ «እውነተኛው የመጨረሻ»። የሚሠራው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጅቶባታል።

«ይሄውልዎ» አለችኝ ስክሪኑን እያሳየች። «እዚህ ጋ ወደ ዘጠኝ መቶኛው መስመር ሂድ ይላል። እዚያ ስንሄድ ወደ ሦስት መቶኛው ተመለስ ይላል። ይሄ A የሚለው እዚህ ጥልቀት ነው፣ ወረድ ስንል ያው A ሙቀት ይሆናል። ይሄ ሙሉ ገጽ ደግሞ አይሠራም፣ ሰው ዘግቶታል፤ ለምን እንደዘጋው አልጻፈም። ማብራሪያ የሚባል የለም ጋሼ። አንድ ቦታ ብቻ "አትንካ" ይላል። ምኑን እንዳልነካ አላውቅም።»

«ነካሽው?»

«ነካሁት።»

ሳቅ አመለጠኝ። ከዚያ የበለጠ ፈራሁ፤ ምክንያቱም እሷ፣ የተማረችው፣ በዚህ ውስጥ ጠፍታለች። እኔ ምን ላገኝ ነው?

እኔ ግን እሷ የሌላት አንድ ነገር ነበረኝ። እሷ ስታነብ ዓይኗ ይሮጣል፤ መስመሩን በጅምላ ነው የምታየው። እኔ ዘግይቼ ስለተማርኩ በጅምላ ማንበብ አልችልም። እያንዳንዱን ምልክት በጣቴ እየነካሁ ነው የማልፈው፣ ኮማውን ሳይቀር። ትርጉሙ አይገባኝም፤ ቁጥር ሳይ ግን ቆሜ አየዋለሁ። ስክሪኗን በጣት አሻራ ሞላሁባት። ሁለት ጊዜ ጠረገችው፣ ከዚያ ተወችው።

በሦስተኛው ቀን ከገጹ ግርጌ አጠገብ ጣቴ ቆመ። 3፣ 8፣ 11፣ 2፣ 14፣ 5 ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የጉድጓድ ቁጥሮች ናቸው። ዝም ብሎ ነው የጻፋቸው፣ ቅደም ተከተል እንኳ የላቸውም።»

«አላቸው» አልኳት። ድምፄ ተለወጠብኝ። «ሦስት አል ቃጣራ ነው፣ የተምሩ አጥር አጠገብ። ከዚያ አስፋልቱን ሳትሻገሪ ስምንት አለ። አሥራ አንድ ከግመሎቹ በረት ወዲህ። ሁለት ላይ ጥላ አለ፣ እዚያ ነው ዳቦ የምበላው። አሥራ አራት፣ መጨረሻ አምስት፤ አምስት ላይ ስደርስ ፀሐይ ከጀርባዬ ትሆናለች። ይሄ የእኔ መንገድ ነው። የጻፈው እንደነዳሁት ነው።»

ወንበሯን ጠጋ አደረገች። ከቁጥሮቹ ቀጥሎ ያለውን አየችና ፊቷ ጠቆረ። «ይሄን መስመር አውቀዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «እነዚህ ጉድጓዶች ከሆኑ፣ ቀኑም ከዚህ ቀን በፊት ከሆነ፣ ንባቡን በዜሮ ነጥብ ሠላሳ ሰባት አባዛ ይላል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ምክንያት አልነበረውማ። ሰው ውሸት ቁጥር ሰጥቶት፣ ሌላው እውነት ለማስመሰል ያስገባው ነው የመሰለኝ። ጋሼ፣ ይሄን ለሙዲሩ ባሳየው ለእርስዎ የሚጠቅም አይመስለኝም። ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ነው ይላል።»

የፈለግሁት ምስክር ተገኝቶ ሊመሰክርብኝ ነው። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ፎርሙን፣ ትሉን ፊርማ፣ ክንዴን፣ ያን ሳምንት። ስናገር አላየኋትም፣ ስክሪኑን ነው ያየሁት። ስጨርስ ከመሳቢያዋ ማስመሪያ አወጣች። ሸሚዜን ሰበሰብኩ፣ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፣ እሷ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ለካች። ሁለት ጊዜ ለካች።

«አርባ ሰባት ሴንቲ ሜትር ነው» አለች።

«ስንት መሆን ነበረበት?»

«ሠላሳ ሰባት።»

 ክንድ በዕድሜ አያጥርም፣ አይረዝምም። እሷ አላመነችኝም ማለት አልችልም፤ ግን ማስመሪያውን ስትመልስ መሳቢያውን በጣም በዝግታ ዘጋችው፣ በሽተኛ ፊት እንደሚደረገው።

ከዚያ ያሉት ቀኖች ከሁሉም የከፉ ነበሩ። እስከዚያ የፈራሁት ሙዲሩን ነው። አሁን ራሴን ፈራሁ። ምናልባት ያልኩት ሁሉ አልነበረም? ምናልባት ያ ሽማግሌ እውነትም ቁጥሬን ያሳመረልኝ ሌላ ነገር ነው፣ እኔ ከጊዜ ብዛት ክንድ ብዬ ያስታወስኩት? ቧንቧ እየለየሁ ክንዴን ደጋግሜ አየው ነበር። እዚያ ክንዴ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ የቆምኩ ሰው ነኝ፤ አሁን አሥር ሴንቲ ሜትር በዛብኝ።

በአሥረኛው ቀን ሙዲሩ ፊት ቆሜ በክንዴ ነው የለካሁት አልኩ። የጽሑፍ መልሴም ይሄው ብቻ ነበር። እሷም ነበረች። ክንዱን ለክቻለሁ፣ ቁጥሩ አልገጠመም፣ መስመሩ ግን አለ ብላ እውነቱን ተናገረች። አልጠቀመኝም፣ ግን አልሸሸችም፤ ይህን ልመስክርላት። ሙዲሩ ፋይሌን ገለጠ።

«ፎርምህ ላይ ማንበብ እችላለሁ ብለሃል።»

«ዋሽቼ ነው።»

«ስለዚህ ያኔ ዋሽተሃል፣ አሁን ግን እውነት ነው የምትናገረው።»

«አዎ።»

ሰዓቱን አየ። የሳቀ መሰለኝ። «ነገ አል ዓይን እሄዳለሁ» አለ። «ጉድጓዱ ላይ አሳየኝ። እዚያ ካልሆነ ኸላስ፣ አለቀ።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን በአንድ መኪና ሄድን። የነቢያት ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን ነው፤ እኔ እንኳን ጾም ይዤ፣ ባልጾምም የሚወርድልኝ ነገር አልነበረም።  አል ቃጣራ ስንደርስ የሦስት ቁጥር ጉድጓድ ክዳን አሸዋ ለብሶ ነበር። ጠርጌ ከፈትኩት። ሙዲሩ ፀሐይ እንዳይነካው የመኪናው ጥላ ውስጥ ቆመ። እሷ የብረት ሜትር ይዛ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

ገመዱን ሰደድኩ። ጮኸ። ከቧንቧው አፍ ላይ ቆነጠጥኩት። በክንዴ ገመድ ከለካሁ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎኛል። ምን እንደማደርግ አላሰብኩም፤ ላስብ ብል አይመጣልኝም ነበር። ሳብኩ። ገመዱ ርጥብ ነው፣ አሸዋና አተላ ይዟል፣ ያንሸራትታል። ጣቴን ዘርግቼ ላስቀምጠው ስል አመለጠኝ። እጄ በራሱ ተጨበጠ። ሁለተኛውንም ሳብኩ፣ በጡጫዬ ይዤ። ሦስተኛውን። ስቆጥር ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ያኔም እንደዚያ ነበር።

«ጋሼ» አለች። «እንዲያው ይያዙት። አይንቀሳቀሱ።»

«ምን ሆነ?»

«ጣትዎን አልዘረጉም።»

አየሁት። እውነትም አልዘረጋሁም። ርጥብ ገመድ በተዘረጋ ጣት አይለካም፤ ይወድቃል። ሦስት ዓመት ሙሉ የለካሁት ከክርኔ እስከ ጡጫዬ ነው። ቢሮ ውስጥ ክንድህን አሳይ ስባል እንደማንም ሰው ዘረጋሁት፤ ጭንቅላቴ ረስቶት ነበር። የብረት ሜትሩን ክርኔ ላይ አኖረች፣ ወደ ጡጫዬ ወሰደችው። አላነበበችልኝም። «እርስዎ ያንብቡት» አለች።

አነበብኩት። ሠላሳ ሰባት።

መቁጠሩን ጨርስ አለኝ ሙዲሩ፤ ከጥላው ወጥቶ መጥቷል። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሰማንያ ዘጠኝ ሆነ። እሱ በስልኩ አባዛው፣ ከዚያ ገመዱን ራሱ ሰድዶ በሜትር አነበበ። ልዩነቱ ስንዝር አይሞላም። አንድ ጊዜ ደግሞ ሰደደ፤ ያው ነው። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«እና ሽማግሌው ለምን አልጻፈውም?» አለ።

«ብጽፍ ያባርሩሃል ብሎኝ ነው።»

ሙዲሩ ጉድጓዱን አየ። «ልክ ነበር» አለ። «ያኔ እኔ ብሆን አባርርህ ነበር።» ከኪሱ የፒክአፑን ቁልፍ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ይዞት መጥቶ ነበር ማለት ነው። የፎርሙን ነገር አላነሳም። ይቅርታም አላለኝም። ክሱን እንዳነሳልኝ የሚገልጽ ሁለት መስመር በኢሜይል ላከ፣ እዚያው ቆሞ። ያ ሁሉ ቀን በሁለት መስመር።

እሷ መኪናው ውስጥ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። ያጠፋችውን መስመር ወደ አዲሱ ፕሮግራም መለሰችው። ከበላዩ ማብራሪያ ልትጽፍ ጀምራ አቆመች።

«ምን ልበል ጋሼ?»

«ይሄ ቁጥር የሰው ክንድ ነው በዪ። ከክርን እስከ ጡጫ። ገመዱ ርጥብ ስለሆነ ጣት አይዘረጋም። አታጥፉት።»

ጻፈች። «ስምዎን ልጨምር?»

«አይ። ቁጥር ሰባት በይው። ያኔም ስሜን አልፈለግሽውም።»

ቀላች፤ ጻፈችው። ሽማግሌውንም አስገቢ አልኳት፣ እሱን ግን «ባሽሙሃንዲስ» ብለሽ። ያንንም ጻፈች። ከሥሩ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አኖረች። እኔ ከገመዱ ጋር ያመጣሁትን የመስክ ደብተር አውጥቼ፣ ሦስት ቁጥር ጉድጓድ፣ ሠላሳ ሦስት ሜትር ብዬ በሜትር ጻፍኩ፤ ከጎኑም በራሴ እጅ፣ በእኛ አቆጣጠር፦ ማክሰኞ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.